ላዩ ግንብ፣ ታቹ ፍል ውሃ

የመጨረሻዋን ልብስ ለማውለቅ አምስት ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ግድግዳው ላይ ሰዓት ስለነበረ ነው የማውቀው። አጠገቤ ያሉ አዛውንት ሸሚዛቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን አወለቁ፣ አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱ፣ ቁልፉን እጃቸው ላይ አስረው ሄዱ። እኔ ገና ካልሲዬን አጣጥፋለሁ። ካልሲ አጣጥፌ የማውቅ ሰው አይደለሁም።

ያለሁት ዶጎ ነው። ጃፓን ውስጥ፣ ሺኮኩ በምትባል ደሴት፣ ማትሱያማ በምትባል ከተማ ጫፍ ላይ ያለ ፍል ውሃ። የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ አለው የሚል ጽሑፍ በየቦታው ተለጥፏል። የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ ሲባል የማይደነግጥ ሰው ካለ እኛ ነን፤ ፈገግ ብዬ አለፍኩት። በጽሑፍ የሚገኘውም ቢሆን ቀላል አይደለም። በ720 ተጽፎ ያለቀው የጃፓኖች የታሪክ መጽሐፍ ነገሥታት እዚህ ድረስ መጥተው እንደታጠቡ ይናገራል። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ ለአንባቢ ትቻለሁ።)

ለማንኛውም እኔ የመጣሁት ለፍል ውሃ አልነበረም።

የምማረው ሂሮሺማ ነው። ሦስት ቀን ዕረፍት ሲገኝ አብሮኝ የሚማር ልጅ «ግንብ የምትወድ ከሆነ ማትሱያማ ሂድ» አለኝ። «ፍል ውሃም አለ» ብሎ ጨመረ። ሁለተኛውን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ፍል ውሃ እኛም አለን፤ አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ምክንያት አይደል? እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ውሃውንና ሜዳውን ወደውት አይደል? እኔ ማየት የፈለግኩት ግንቡን ነበር።

ከሂሮሺማ ፈጣኗ መርከብ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳታልፍ ታደርሳለች። ቀርፋፋዋ ሁለት ሰዓት ተኩል ያልፋታል፣ ዋጋዋ ግን ቀለል ይላል። የተማሪ ኪስ የትኛዋን እንደሚመርጥ አይነገርም። አልቆጨኝም። የሴቶ ባሕር ማዕበል የሌለው፣ በደሴት የተሞላ ውሃ ነው። ጣና ላይ በጀልባ የሄደ ሰው ወዲያው ይገባዋል። እዚያ ገዳም በሚኖርበት እዚህ የመንደሪን ተክል አለ። ኤሂሜ የሚባለው ይህ ክፍለ ሀገር በመንደሪን የታወቀ ነው፤ ማትሱያማ ዋና ከተማው ናት። ሱቁ ሁሉ ብርቱካንማ ነው። ትራሙም ብርቱካንማ ነው።

ስለ ትራሙ አንድ ነገር ካላልኩ አይሆንልኝም። ኦቴማቺ የሚባል ጣቢያ አጠገብ የትራሙ ሀዲድና የባቡሩ ሀዲድ እንደ መስቀል ይቋረጣሉ። ድልድይ የለ፣ ዋሻ የለ። ባቡሩ ሲመጣ ደወሉ ይጮሃል፣ መከለያው ይወርዳል፣ ትራሙም እንደ ማንኛውም መኪና ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ ሲሆን ቆሜ አየሁ። ሦስተኛውንም ልጠብቅ አልኩና አፈርኩ።

ግንቡ ያለው ከተማው መሐል ነው፣ 132 ሜትር ከፍታ ባለው ደን የለበሰ ኮረብታ ላይ። በእግር ይወጣል። ብዙ ሰው ጭና በገመድ የምትወጣ ትንሽ ጎጆም አለች። ወይም ደግሞ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ወንበር። ወንበሯን መረጥኩ። ከኋላ መጥታ ጉልበትህን ትመታህና ቁጭ ታደርግሃለች። ቀበቶ የላትም። እግር ተንጠልጥሎ፣ ከታች መረብ ተዘርግቶ፣ ስድስት ደቂቃ ያህል ብቻህን ትወጣለህ። ከላይ የሚወርዱት ደግሞ በትይዩ ይመጣሉ። ፊት ለፊት ትተያያለህ፣ ማምለጫ የለም። ሰላምታ ልስጥ ወይስ ዛፉን ልይ? አንዲት እናት አንገታቸውን ዝቅ አደረጉልኝ፣ እኔም ዝቅ አደረግኩ። ከዚያ በኋላ ለወረደው ሁሉ እየሰገድኩ ወጣሁ።

ግንቡን በ1602 ማሠራት የጀመረው ካቶ ዮሺያኪ የሚባል የጦር አለቃ ነው። ኮረብታው ያኔ ሁለት ጫፍ ነበረው። ካቶ መሐሉን አስሞልቶ አንድ ሜዳ አደረገው። እዚያ ላይ ያለው የውሃ ጉድጓድ ከ44 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ ያ ሁሉ አፈር ሲሞላ ከታች ያለውን ምንጭ ላለማጣት ነው ይባላል። ሥራው ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በ1627፣ አለቀ ሲባል፣ የበላዩ መንግሥት «አንተ ወደ ሰሜን፣ ወደ አይዙ ተዛወር» አለው። ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ኮንዶሚኒየም ሃያ አምስት ዓመት ቆጥቦ ቁልፍ በተረከበ ማግስት ሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ ሰው አስቡ።

ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ ቀጥ ያለ አይደለም። ይጠመዘዛል፣ ወደ ኋላ ይመልስሃል፣ ማማው ፊትህ ሆኖ ሳለ መንገዱ ጀርባህን ያሰጥሃል። መጀመሪያ የምታገኘው በር «መዝጊያ የሌለው በር» ይባላል። እውነትም መዝጊያ የለውም። ጠላት ሰተት ብሎ ይገባና ልቡ ያብጣል። ከዚያ ጠንካራው በር ይመጣል፣ ጹጹይ የሚባለው። ጠላት እሱን ሊሰብር ሲታገል፣ በጎን ከድንጋይ ግድግዳ ጀርባ የተደበቀ ሌላ ትንሽ በር አለ። ከዚያ ወታደር ወጥቶ ከኋላ ይመታል። የተደበቀውን በር ለማየት ቦታው ላይ ቆሜ ፈለግኩ። ምልክት ተለጥፎም፣ ቱሪስት እየገባበትም፣ ለማግኘት ጊዜ ወስዶብኛል። ጠላት ብሆን ሞቼ ነበር።

ማማው ውስጥ ጫማ አውልቀህ ነው የምትገባው። ደረጃው መሰላል በሉት፤ በእጅም በእግርም ነው የሚወጣው። ወለሉ በብዙ እግር ተወልውሎ ያንሸራትታል። ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ሞልቷል። ቁመቱ የረዘመው ለቀስት፣ አራት ማዕዘኑ ለጠመንጃ። ጥግ ላይ ደግሞ ወለሉ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ክዳን አለው። ክዳኑ ሲነሣ ከሥር ግድግዳውን የሚወጣ ሰው ላይ ድንጋይ ይለቀቅበታል። ዓይኔን ቀዳዳው ላይ ደቀንኩ። ከታች አንድ ወጣት ጓደኛው ፎቶ እያነሣው ነው። ፀጉሩን ሲያስተካክል፣ ሆዱን ሲያስገባ፣ እንደገና ሲያስተካክል አየሁት። እሱ ግን እኔን አላየኝም። ሊያየኝም አይችልም። ቀዳዳው ከውስጥ ሰፊ፣ ከውጭ ጠባብ ነው።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህ ቤት ከላይ እስከ ታች ሳይታዩ ለማየት የተሠራ ነው። እኔም ጎብኚ ነኝና ተመቸኝ። ጎብኚ ማለት እኮ ይኸው ነው፤ ቲኬት ቆርጦ ቀዳዳ ላይ ዓይኑን የሚደቅን ሰው።

የሚገርመው፣ አሁን የቆመው ማማ ጦርነት አያውቅም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያውን በ1784 አዲስ ዓመት ቀን መብረቅ አቃጠለው። መልሶ ለመሥራት ብር ጠፋ፣ ትውልድ አለፈ። ያለቀው በ1852 ነው፣ ከ68 ዓመት በኋላ። በዓመቱ የአሜሪካ የጦር መርከቦች መድፋቸውን ደግነው ጃፓን ደጃፍ ቆሙ። በ1868 ደግሞ ሳሙራይ የሚባሉት የጦረኞች መደብ አገዛዝ ራሱ ፈረሰ። ቀስተኛ ሊቆምባቸው የተበሱት ቀዳዳዎች አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ሥራ ፈት ሆኑ። ከዚያም በ1933 ሰው እሳት ለቆበት ከጎን ያለው ትንሹ ማማ ተቃጠለ። በ1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማዋን በሌሊት ሲያነድዱ ሌሎች በሮችና ቤቶች አብረው ነደዱ። ዋናው ማማ ግን ተረፈ። ጃፓን ውስጥ ከሳሙራይ ዘመን ሳይፈርሱ የቆሙ ማማዎች አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ይህ አንዱ ነው። ትንሹ ማማ በ1968 እንደገና ሲሠራ በሲሚንቶ አልተሠራም፣ በእንጨት ነው።

ጎንደር ትዝ አለኝ፤ አይቀርም። አፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ የካቶ ማማ ዕድሜው አሥር ዓመት ያህል ነበር። እኩዮች ናቸው። የእኛው ድንጋይና ኖራ ነው። የእነሱ እንጨት ነው፣ ስለዚህ ይነዳል፣ ይሠራል፣ ይነዳል፣ ይሠራል። አንድ አናጢ እስካለ ድረስ።

ከላይ ባሕሩ ይታያል። በሌላ ወገን ኢሺዙቺ ተራራ፣ 1,982 ሜትር። ይኼን ብዙ አላወራውም፣ ጭጋግ ነበር።

ስወርድ በእግሬ ወረድኩ። ጫካው ውስጥ አንድ አቅጣጫ ላይ ተዳፋቱ አፈሩ ገና አዲስ ይመስላል። ጁላይ 12 ቀን 2024 ንጋት ላይ፣ ብዙ ዝናብ ከዘነበ በኋላ፣ ከዚህ ኮረብታ ጎን መሬት ተንዶ ሥሩ ያለ ቤት ቀበረ። ሦስት ሰዎች ሞቱ። ጠላት ሊጠበቅበት ከተዘጋጀ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ኮረብታ ነው። ቆም ብዬ አማተብኩና ወረድኩ።

ከዚያ ትራም ይዤ ዶጎ። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።

መጀመሪያ ሕንፃውን ዞሬ አየሁት። ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤት ነው፣ ጣሪያ ላይ ጣሪያ፣ ክንፍ ላይ ክንፍ። አናቱ ላይ ቀይ መስታወት ያላት ትንሽ ሰገነት አለች፣ ከሰገነቷም በላይ ነጭ ሽመላ የምትመስል ወፍ። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ እግሩ የቆሰለ ነጭ ወፍ በየቀኑ እየመጣ እግሩን ከሚፈልቀው ውሃ ይነክር ነበር፤ ዳነና በረረ። ሰዎችም «ለወፍ የሆነ ለእኛስ» ብለው ገቡ። ለጸበል ቦታ ታሪኮች ጆሮው የለመደ ሰው ይህን ለማመን ችግር የለበትም።

ሕንፃው የተሠራው በ1894 ነው። ያሠራው ኢሳኒዋ ዩኪያ የሚባል የዶጎ የመጀመሪያ ከንቲባ ነው። አሮጌው መታጠቢያ ቤት እየፈረሰ ነበር። ሰውየው መጠገን አልበቃውም፤ ትልቅ ልሥራ አለ። ነዋሪው «ዕዳ ውስጥ ልትከተን ነው» ብሎ ተነሣበት፣ እስከ ዛቻ ደረሰ። የከንቲባነት ደመወዙን አልወስድም ብሎ ሥራው ላይ አዋለው። ከመቶ ዓመት በኋላ የማይኮራበት ነገር መሥራት ምን ዋጋ አለው ብሎ ነበር ይባላል። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1994፣ መንግሥት ሕንፃውን በቅርስነት መዘገበው። ሌላው ቅርስ ግን ተቆልፎ ይጎበኛል። ይህኛው እስካሁን ሰው ይታጠብበታል።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ሥራውን የመራው አናጢ ከግንብ ሠሪዎች ወገን ነበር። ሳሙራይ ሲቀር ግንብ የሚያሠራ ጠፋ። ሙያው ግን እጁ ላይ ቀረ። ከኮረብታው ሥር መጥቶ ያንኑ ጣሪያ፣ ያንኑ ጠባብ ደረጃ፣ ያንኑ አናት ላይ ያለ ሰገነት ለሚታጠብ ሰው ሠራው። አሁን ዞር ብዬ ሳስበው ሕንፃው ግንብ የመሰለኝ ለካ በከንቱ አልነበረም።

እድሳት ላይ ነበር፣ ከ2019 ጀምሮ። ደስ ያለኝ ደግሞ እያደሱትም አልዘጉትም፤ ግማሹ ተሸፍኖ ግማሹ ውስጥ ሰው ይታጠባል። ሙሉ በሙሉ የተከፈተው ጁላይ 11 ቀን 2024 ነው። አዎ፣ ኮረብታው ከመናዱ አንድ ቀን በፊት።

እንግዲህ ወደ ካልሲዬ ልመለስ።

አዲስ አበባ ፍል ውሃ ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ሄጃለሁ። ወረፋ ይጠበቃል፣ ተራ ሲደርስ ክፍል ይሰጣል፣ በር ይዘጋል። ሰው ራቁቱን የሚሆነው ከራሱ ጋር ነው። አባቴ እንኳን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚታጠበው። እዚህ በር የለም። አንድ ትልቅ የድንጋይ ገንዳ፣ ዙሪያውን ሰው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ጥቁር እኔ ብቻ። ጃፓን ባቡር ውስጥ ስቀመጥ እንኳን አንዳንዴ አጠገቤ ያለው ወንበር እስከ መጨረሻው ባዶ ሆኖ ይሄዳል። ልብስ ለብሼ እንዲህ ከሆነ ሳወልቅ ምን ሊመጣ ነው?

ገባሁ። ፎጣዬን ከፊቴ ይዤ ገባሁ። በሆድ ልክ።

ማንም ቀና አላለም።

ሥርዓቱን አስቀድሜ አንብቤ ነበር። ገንዳው መታጠቢያ አይደለም፤ ታጥበህ የምትገባበት ነው። ግድግዳው ሥር ትንንሽ በርጩማዎች አሉ። አንዷ ላይ ቁጢጥ ብለህ ሳሙና ትመታለህ፣ እስኪጠራ ትለቀለቃለህ፣ በርጩማዋንም ለሚቀጥለው ሰው አጥበህ ትነሣለህ። ፎጣ ውሃው ውስጥ አይገባም። የት ይቀመጣል? አናት ላይ። ያን ሁሉ ጨዋ ሰው ታጥፋ እንደ ቆብ የተቀመጠች ፎጣ ተሸክሞ ስታየው ሳቅህ ይመጣል። እኔም ጫንኩ። መሸፈኛዬ አናቴ ላይ ወጣች ማለት ነው።

ውሃው እስከ ደረት ይደርሳል። ከትልቅ ድንጋይ አፍ ይወርዳል። አሥራ ስምንት ምንጮች አሉ፣ አንዳንዱ 20 ዲግሪ፣ አንዳንዱ 55 ድረስ። እነሱን አደባልቀው 42 አካባቢ ያደርሱታል። እሳት አይነድበትም፣ የቧንቧ ውሃም አይጨመርበትም። ሽታ የለውም፣ ቆዳ ላይ ለስለስ ይላል። ግድግዳው ላይ ነጭና ሰማያዊ ሸክላ አለ፣ አጠገብ ካለ ቶቤ ከሚባል ቦታ የመጣ። ወፎቹ አሉበት።

ግድግዳው ላይ አንድ ማስታወቂያም አለ፦ «ቦቻን ሆይ፣ መዋኘት ክልክል ነው።» ቦቻን ሰው አይደለም፤ የልብ ወለድ ገፀ ባሕርይ ነው። ናጹሜ ሶሴኪ የሚባለው ደራሲ በ1895 ማትሱያማ መጥቶ እንግሊዝኛ አስተማረ። ደመወዙ ከርዕሰ መምህሩ ይበልጥ ነበር። አንድ ዓመት ቆይቶ ሄደ። በ1906 ባሳተመው ልብ ወለድ ከቶኪዮ የመጣ ወጣት አስተማሪ ከተማዋንና ሰዎቿን ሲያጣጥል ይውላል፤ ገንዳው ውስጥ ይዋኛል፣ አንድ ቀን ሲመጣ መዋኘት ክልክል ነው የሚል ተለጥፎ ያገኛል። ሌላ ከተማ ቢሆን ይቀየማል። ማትሱያማ ግን የትንሿን ባቡር፣ የሦስት ቀለሙን ጣፋጭ፣ የቤዝቦል ሜዳውን ሳይቀር በዚህ ተሳዳቢ ልጅ ስም ሰየመች። የሌለ ሰው እንዳይዋኝ መከልከሏ ግን ከሁሉም በልጦብኛል።

ትንሽ ከቆየሁ በኋላ እነዚያ ልብስ ስናወልቅ ያየኋቸው አዛውንት ከጎኔ ሆኑ። ወደ እኔ አልዞሩም። ሁለታችንም ውሃው የሚወርድበትን እያየን ነው። «ይሞቃል?» አሉ። «ይሞቃል» አልኩ። ጃፓንኛዬ እዚህ ድረስ ይበቃል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ፣

«አበበ!»

በ1964 ልጅ ነበሩ። ቶኪዮ ኦሎምፒክን ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ላይ አይተዋል። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ጨርሶ ሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን ሲያፍታታ፣ ሁለተኛው ሯጭ ገና አልመጣም ነበር። ይህን በእጃቸው እያሳዩ ነገሩኝ፣ ውሃው ተረጫጨ። «በባዶ እግሩ!» አሉ። ባዶ እግሩ ሮም ነው፣ ቶኪዮ ላይ ጫማ ነበረው። ላርማቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሁለታችንም ያለንበትን ሁኔታ አየሁና ተውኩት።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ላውራ። ጃፓን ውስጥ ብዙ መታጠቢያ ቤቶች ንቅሳት ያለው ሰው አያስገቡም፤ ከወንበዴዎች ጋር ስለሚያያይዙት ነው። አያቴ አንገታቸው ላይ እስከ አገጭ የሚደርስ ንቅሳት ነበራቸው፣ ያገራቸው ጌጥ። እኚያን የመሰሉ ሴት በር ላይ ሲመለሱ ገንዳው ውስጥ ሆኜ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ነገር ጃፓን ውስጥም አለ ለማለት ነው። ውሃው ሁሉን እኩል ያደርጋል ምናምን ብዬ እንዳላጋንን።

ከዚህ ገንዳ ጋር የተያያዘ ሌላ ታሪክ አለ። በ1904 እና 1905 ጃፓን ከሩሲያ ስትዋጋ ምርኮኞች ማትሱያማ ይመጡ ነበር፣ በሺህ የሚቆጠሩ። ከተማዋ ያኔ ትንሽ ናት። መኮንኖቹ ከተማ ውስጥ እየዞሩ ይገበያዩ፣ ዶጎ እየመጡም ይታጠቡ ነበር። ያ ጦርነት አልቆ ጃፓን ማሸነፏ ሲሰማ አድዋ ላይ ድል ያደረገ አገር ጆሮውን ቀጥ ማድረጉ አልቀረም፤ የእኛ የዚያ ዘመን ምሁራን «ጃፓን፣ ጃፓን» ማለት የያዙት ወዲህ ነው። እዚህ ግን የቀረው ሌላ ነው፦ የ98 ምርኮኞች መቃብር፣ ፊታቸውን ወደ ሩሲያ ያዞሩ። የአካባቢው ሰዎች ያጸዱታል። ከዚያም በ1980ዎቹ ግንቡ ሥር ካለ አሮጌ ጉድጓድ የሩሲያ የወርቅ ሳንቲም ወጣ። ሁለት ስም ተቀርጾበታል፣ የአንድ ሩሲያዊ መኮንንና የአንዲት ጃፓናዊት ነርስ። ጉድጓዱ ውስጥ ማን ጣለው? ለምን? ታሪኩን እያንዳንዱ ሰው በልኩ ሰፍቶታል።

በነጋታው ኢሺቴ ቤተ መቅደስ ሄድኩ፣ ከዶጎ ሩብ ሰዓት በእግር። ሺኮኩን ዞረው ከሚሳለሙት 88 ቤተ መቅደሶች 51ኛው ነው። ዙሩ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነጭ ለባሽ ተሳላሚዎች ዘንግ ይዘው፣ ሰፊ ኮፍያ ደፍተው ያልፋሉ። የአገሩ ሰው ምግብ፣ መንደሪን፣ አንዳንዴም ሳንቲም ይሰጣቸዋል። መስጠት ለሰጪው በረከት ነው ይላሉ፣ ተሳላሚም እምቢ አይልም። «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል ቁራሽ ይዞ የሚወጣ ሰው ቤት ያደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። እኔም ሳልሳለም አንድ መንደሪን ደረሰኝ። የሰጡኝ ሴት ተሳላሚ መስያቸው ይሁን የራበኝ መስያቸው አልጠየቅኩም።

የቤተ መቅደሱ ስም «የድንጋይ እጅ» ማለት ነው። አንድ ስስታም ባለጸጋ ሊለምን የመጣ መነኩሴ አባረረ፣ የልመና ሳህኑንም ሰበረ። ስምንት ልጆቹ ተከታትለው ሞቱ። መነኩሴውን ይቅር በለኝ ሊል ፍለጋ ወጣ። ደሴቱን ሃያ ጊዜ ዞረ፣ አላገኘውም። ሃያ አንደኛውን በተቃራኒው ዞረ። ሊሞት ሲል መነኩሴው መጣ፣ ድንጋይ እጁ ውስጥ አስያዘው። ኋላ ማትሱያማ አካባቢ አንድ ልጅ መዳፉን ጨብጦ ተወለደ። መዳፉ ሲከፈት ያ ድንጋይ ነበረበት። ድንጋዩ እዚያ አለ ይላሉ። በተቃራኒው መዞሩን ነው የወደድኩት። ሃያ ዓመት ቢሮ ለቢሮ የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል።

በመጨረሻው ጠዋት ከበሮውን ለመስማት ማልጄ ተነሣሁ። ያች ቀይ መስታወት ያላት ሰገነት ውስጥ ከበሮ አለ፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይመታል። ሕንፃው ፊት ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ቆመናል፣ ግማሾቹ የመታጠቢያ ቤቱን ስስ ካባ ለብሰው፣ በእንጨት ጫማ። ስድስት ጊዜ ተመታ። በእኛ ሰዓት አሥራ ሁለት ነው። ቀትር ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ ይመታል፣ በእኛ ስድስት ሰዓት። ይህ ከበሮ ለሐበሻ ሆን ብሎ የሚገለብጥ መስሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። በሩ ተከፈተና ሰዉ ተሰልፎ ገባ። እኔም ገባሁ። ካልሲዬን ሳላጣጥፍ ወረወርኩት።

አዛውንቱ አልነበሩም። ከግድግዳው ወዲያ ከሴቶቹ ክፍል ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ይህ ውሃ ከአንድ ጊዜ በላይ ጥሎ ሄዷል፤ በ1707፣ በ1854 እና በ1946 ከትልልቅ የመሬት መንቀጥቀጦች በኋላ ምንጩ ቀጥ አለ። ሰዉ ጸለየ፣ ጠበቀ። በየጊዜው ተመለሰ። የድንጋዩን አፍ ሥር ቆሜ ትከሻዬ ላይ አወረድኩት።

ትራም ጣቢያው አካባቢ የግጥም ሳጥን አለ። በከተማው ውስጥ ብዙ አሉ፤ ማሳኦካ ሺኪ የዚህ ልጅ ነውና። በ1867 እዚህ ተወለደ፣ ሃይኩ የሚባለውን አጭር ግጥም አዲስ ነፍስ ዘራበት፣ በ34 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ሶሴኪ አስተማሪ በነበረበት ዓመት ታሞ መጥቶ እሱ ቤት 52 ቀን ተቀምጧል። ቤዝቦልም ይወድ ነበር። ለከተማው ትቶ የሄደው ትልቁ ነገር ግን ማንም መንገደኛ ኪሱ ውስጥ ግጥም ሊኖረው ይችላል የሚለው እምነት ይመስለኛል። ወረቀት አለ፣ እርሳስ አለ። ጽፈህ ትከታለህ።

ሃይኩ አልችልም። አጎቴ ግን የቅኔ ተማሪ ነበር፣ ቢያንስ ሁለት መስመር ቤት መምታት ከሱ ተርፎኛል። ትራሙ እስኪመጣ ድረስ በፊደል ጻፍኩ፦

ላዩ ሁሉ ዓይን ነው፣ ጦር የሚጠበቅበት፤
ታቹ ዓይን የለውም፣ ሰው የሚታጠብበት።

አጎቴ ቢያየው ወርቁ የት አለ ይል ነበር። የሚያነቡት ሰዎችም አንድ ፊደል አይለዩም። አጠፍኩና ከተትኩት። ብርቱካንማዋ ትራም መጣች፣ ፀጉሬ ገና እርጥብ ነበር።